የዓሣ መኖ ማሽኑን ያበላሸው ዝናብ አልነበረም

ዓሣ ማርባት የጀመሩ ወዳጆቼ በተገናኘን ቁጥር አንድ ነገር ይጠይቁኛል። ያ ሰዓቱን ጠብቆ መኖ የሚበትነው ማሽን እውነት ይሠራል? ወይስ ገንዘብ ማቃጠል ነው? ይሠራል። እኔ ጋ ዛሬም እየሠራ ነው። ግን እዚህ እስኪደርስ ሞተር ተቃጥሏል፣ መኖ በኬሻ ጉድጓድ ገብቷል፣ ዓሣም ሞቷል። ከዚህ አብዛኛው የመጣው በእርጥበት ነው። እርጥበቱ ደግሞ እኛ በምንጠብቀው በኩል አልገባም።

ሥራዬ ደሴ ነው። ኩሬው ያለው ኮምቦልቻ ዳር፣ እናቴ ግቢ ውስጥ ነው። ደሴ እየኖራችሁ ለምን እዚያው ግቢያችሁ አልቆፈራችሁም የሚለን አይጠፋም። ቆሮሶ (ቴላፒያ የሚሉት) ሙቀት ወዳድ ነው። የሚመቸው ውሃው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሲሆን ነው። ከ16 ዲግሪ በታች ሲወርድ መብላቱን ይተዋል ማለት ይቻላል። ደሴ ከኮምቦልቻ በ600 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። ሐረጎን ወርዶ የሚያውቅ ሰው ልዩነቱን በጃኬቱ ያውቀዋል። ስለዚህ ዓሣው ታች፣ እኔ ላይ ሆንን። እማዬ ጉልበቷን ስለሚያማት በቀን ሁለቴ ወደ ኩሬው እንድትወርድ አልፈለግኩም። ማሽኑን የገዛሁት ለዚህ ነው።

ማሽኑ ቀላል ነገር ነው። ከላይ የፕላስቲክ ቋት አለው። ከቋቱ ሥር በሞተር የሚዞር ጠመዝማዛ አለ። እሱ ፔሌቱን (እንደ ፍሬ ተጠቅጥቆ የተሠራውን መኖ) እየገፋ ወደ አፉ ያመጣና ውሃው ላይ ይጥለዋል። ሰዓት መሙያው ጎኑ ላይ ነው። በአዳፕተር 12 ቮልት ይሠራል። ሻጩ «ዝናብ አይነካውም» ብሎኝ ነበር። ግንቦት ላይ በእንጨት ክንድ አንጠልጥለን ውሃው ላይ ሰቀልነው። ሰኔ እስኪገባ ድረስ እንከን አልነበረውም። እማዬም ወንበር አውጥታ ዓሣዎቹ ሲሻሙ ማየት ለመደች።

ሐምሌ ገባ። የወሎ ክረምት ሲጥል እንዴት እንደሚጥል ታውቃላችሁ። ክዳኑ እንዳያስገባ ብለን ማሽኑን በላስቲክ ጥቅልል አድርገን በገመድ አሰርነው። አፉ ብቻ ክፍት ቀረ። ብዙም ሳይቆይ ማሽኑ ሰዓቱ ሲደርስ ማጉረምረም እንጂ መኖ መጣል አቆመ። ሄጄ ስከፍተው የተቃጠለ ሽታ ወጣ። ከታች ያለው መኖ እንደ በሶ ጭብጦ ተጣብቆ ጠመዝማዛውን ቀጥ አድርጎ ይዞታል። ሞተሩ ሊዞር ሲታገል ተቃጥሏል። ጭብጦው ላይ ደግሞ አረንጓዴና ነጭ ሻጋታ በቅሏል።

ለእናንተ የሚጠቅመው ግን ቀጥሎ ያየሁት ነው። የቋቱ የላይኛው መኖ ደረቅ ነበር። በእጅ ሲያሹት ኩርሽም ይላል።

ሞተሩን ይዤ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ወዳሉ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ሄድኩ። ስለ ዓሣ ምንም አያውቁም፤ ራሳቸውም ነግረውኛል። ስለ ላዩና ስለ ታቹ ስነግራቸው ግን ወዲያው ገባቸው። «ዝናብ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የሚበሰብሰው ላዩ ነበር» አሉኝ። «ይሄ ከሥር ነው የጠጣው። አፉን ውሃ ላይ ደፍታችሁታል አይደል? እንፋሎቱ በአፉ ገባ። በላስቲኩ ደግሞ መውጫ አሳጣችሁት።»

ነገሩ በቃ ይሄው ነበር። ኩሬ ቀንም ሌሊትም ይተናል። ዓሣዎቹ ሲሻሙ ውሃ ወደ ላይ ይረጫሉ። የማሽኑ አፍ ደግሞ መኖ ማውጣት ስላለበት ምንጊዜም ክፍት ነው። እኛ ስንዋጋ የነበረው ከላይ ከሚመጣው ጋር ነው። ስለዚህ ማሽናችሁ ሲበላሽ መኖውን ከመድፋታችሁ በፊት የት ጋ እንደረጠበ እዩ። ላዩ ከሆነ ክዳኑ ያስገባል። ታቹ ከሆነ አፉ ነው። ግድግዳ ግድግዳው ከሆነ ሌላ ነገር ነው፤ ወደ እሱ እመጣለሁ።

የሻገተውን መኖ በተመለከተ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። እማዬ መኖ ውድ ነው ብላ ፀሐይ ላይ አስጥታ መልሳ ልትሰጣቸው ነበር። እንዲህ የሚያደርግ ሰው ብዙ ነው። አታድርጉት። ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊተው ይችላል። መርዙን ፀሐይ አያጠፋውም፤ ምጣድ ላይ መቁላትም አያስተማምንም። ሻጋታው ቢረግፍ እንኳ መርዙ እዚያው ይቀራል። የዓሣውን ጉበት ይጎዳል። «እንግዲያው ለዶሮ ይሁን» የሚለውም አይሠራም፤ የቤት ወፎች በዚህ መርዝ በቀላሉ ይጎዳሉ። ላም ብትበላው ደግሞ ወደ ወተቷ ያልፋል። ቆፍራችሁ ቅበሩት። ዓሣ ለጥቂት ቀን ባይበላ አይሞትም። ቆሮሶ ደግሞ ውሃው ውስጥ የሚበቅለውን አረንጓዴ ነገርም ይለቅማል።

ከዚያ በኋላ አሰቃቀሉን ከሥሩ ቀየርነው። ማሽኑን ከውሃው መሐል አምጥተን ዳር ላይ በተተከለ ግንድ አስቀመጥነው። አፉ ከውሃው በላይ የአንድ ሰው ክንድ ያህል ከፍ ብሎ፣ ጫፉ ብቻ ወደ ኩሬው ዘለቅ ይላል። ግንዱን የተከልነው ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል ነው። በዚያ ወገን ነፋሱ እንፋሎቱንም ርጭቱንም ከማሽኑ ያርቃል፤ መኖውንም ወደ መሐል ይገፋል። ግንድ ከመትከላችሁ በፊት ከሰዓት በኋላ ኩሬው ዳር ቆማችሁ ጭድ በትኑና ወዴት እንደሚሄድ እዩ።

ከላዩ ላስቲኩን ጥለን የቆርቆሮ ጣሪያ ሠራንለት። ጣሪያው ከማሽኑ በአራቱም ጎን ሰፋ ይላል። ከክዳኑ ጋር ግን አይነካካም፤ አየር የሚያልፍበት ክፍተት አለ። ለአፉ ደግሞ ከከመነዳሪ ላይ ምላስ ቆርጠን ከላይ በኩል አሰርንለት። መኖው ሲወርድ ይገፋዋል፣ ሲያልቅ ተመልሶ ይዘጋል። የመኪና ከመነዳሪ ወፍራም ስለሆነ መኖውን ያግደዋል፤ የብስክሌቱን ተጠቀሙ። ምላሱን በየጊዜው በጨርቅ ጥረጉት፤ ብናኝ ሲይዝ ይጣበቃል።

ገመዱም የራሱ ጣጣ አለው። የኛ ከላይ ወደ ታች እየወረደ በቀጥታ ወደ ሰዓቱ ሳጥን ይገባ ነበር። ዝናብ ገመዱን ተከትሎ ሰተት ብሎ ይገባል። ገመዱ ከመግቢያው ቀዳዳ በታች ጎበጥ ብሎ ወርዶ፣ ከዚያ ተመልሶ ወደ ላይ እንዲገባ አድርጉት። ውሃው ጎባጣው ላይ ደርሶ ይንጠባጠባል። ቀዳዳውን በሲሊኮን ስትደፍኑ ሽታውን ልብ በሉ። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ሲሊኮን የመዳብ ሽቦና መገጣጠሚያ ይበላል። ለቋቱ ስፌት ይሁን፤ ኤሌክትሪክ ካለበት ጋ ግን የማይሸተውን ጠይቁ። አዳፕተሩን ደግሞ በምንም ምክንያት ኩሬው ዳር አትሰኩት። ቤት ውስጥ ይሰካና ወደ ኩሬው የሚሄደው 12 ቮልቱ ብቻ ይሁን። 220 ቮልትና ውሃ ሰው ይገድላል።

ይሄ ሁሉ ተሠርቶ ማሽኑ ቀጥ ብሎ ሲሠራ ዓሣ መሞት ጀመረ።

ምክንያቱን ያገኘችው እማዬ ናት። «ልጄ፣ ይሄ ማሽንህ ሌሊት ሌሊት ይንኮሻኮሻል» አለችኝ በስልክ። አይጥ ነው ብዬ ነበር። አይጥ አልነበረም። ማሽኑ መብራት ሲጠፋ ሰዓቱን ይረሳል። ሲመጣ ከዜሮ ይጀምራል። እኔ የሞላሁት ጠዋት 4 ሰዓት እንዲያበላ ነው፤ በማሽኑ አቆጣጠር 10:00 ማለት ነው። መብራቱ ጠፍቶ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ቢመጣ፣ ማሽኑ ያቺን ደቂቃ እኩለ ሌሊት አድርጎ ይይዛታል። ከዚያ ቆጥሮ መኖውን የሚጥለው ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ነው።

ሌሊት በቀዝቃዛ ውሃ ቆሮሶ አይበላም። መኖው ይበሰብሳል። ሲበሰብስ የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሳል። ኦክስጅን ደግሞ ድሮም ንጋት ላይ ነው በጣም የሚያንሰው። ጠዋት ዓሣዎቹ አፋቸውን ከውሃው በላይ አውጥተው አየር ሲጎርሱ ካያችሁ፣ መኖውን አቁሙ፣ የተንሳፈፈውን በመረብ ልቀሙ፣ ንጹሕ ውሃ ጨምሩ። እማዬ ጎረቤት ጠርታ ፓምፑን ባታስነሳ ኖሮ ሁሉም ነበር የሚያልቁት።

ነገሩ ከእርጥበቱ ጋርም ይገናኛል። ሌሊት አፉ በጤዛ ርሷል። በዚያ ሰዓት የሚወርድ መኖ ግማሹ እዚያው ይለጠፋል። በነጋታው እሱ ነው መዝጊያ የሚሆነው። እናም ማሽኑን ከመብራት ኃይል ገላገልነው። የሞተር ሳይክል ባትሪ፣ ትንሽ የፀሐይ ፓነልና የቻርጅ መቆጣጠሪያ ገዛን። ባትሪው በረንዳ ላይ ሳጥን ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ፓነል መግዛት የማትችሉ ቢያንስ የራሱ ትንሽ ባትሪ ያለው ሰዓት መሙያ ፈልጉ፤ መብራት ቢጠፋም ሰዓቱን አይረሳም። ያ ክብ፣ በጥርስ የሚሞላው ሜካኒካል ታይመር ግን መብራት በጠፋ ቁጥር ይቆማል። ሁለት ሰዓት ከጠፋ ሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። ለኛ አገር አይሆንም።

መስከረም ሲጠባ እፎይ አልን። ዝናቡ አለቀ፣ ጣሪያውን ላንሳው እንዴ ብዬ ሁሉ አስቤ ነበር። የባሰው እርጥበት የመጣው ግን ጥቅምትና ኅዳር ላይ ነው፤ አንዲት ጠብታ ዝናብ ሳይኖር።

ሰማዩ ጥርት ሲል ኮምቦልቻም ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ቀን ፀሐይ የበላ ውሃ ግን ሙቀቱን ቶሎ አይለቅም። ሌሊቱን ሙሉ ይተናል። ማለዳ ኩሬው ላይ ጭጋግ ተኝቶ ታገኙታላችሁ። ቋቱ ውስጥ ያለው አየርም እንዲሁ ነው፤ ቀን ሞቆ እርጥበት ይይዛል፣ ሌሊት የቀዘቀዘ ፕላስቲክ ሲነካ ውሃ ይሆናል። ክዳኑን ከውስጥ በኩል በእጄ ስነካው መዳፌ ራሰ። ጠብታው በግድግዳው ወርዶ ዙሪያውን ያለውን መኖ ይለጥፈዋል። ግድግዳ ግድግዳው ከረጠበ ሌላ ነገር ነው ያልኩት ይሄን ነው። እዚህ ጋ አጥብቆ መዝጋት አይረዳም። እንዲያውም ማሽኑን ባሸጋችሁት ቁጥር ይብሳል።

ለዚህ ከሞከርነው ሁሉ የበለጠ የረዳን ትንሽ መሙላት ነው። ቋቱ ብዙ ኪሎ ይይዛል ተብሎ ብዙ ኪሎ አይሞላም። ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በላይ የሚሆን መኖ አታስገቡ። እኔ ለሳምንት ሞልቼ ደሴ ለመቀመጥ ነበር የገዛሁት፤ ያ ሕልም ቀረ። አሁን እማዬ በየሁለት ቀኑ በጣሳ ትጨምራለች፤ ያ ብዙ መውረድ አይጠይቃትም። የምትጨምረው ረፋድ ላይ ነው፣ ፀሐይ ማሽኑን ካሞቀችው በኋላ። ጭጋግ ሳይነሳ ክዳን መክፈት ጭጋጉን ውስጥ መዝጋት ነው።

ቀጥሎ አየር ነው። ከክዳኑ ጥግ ሥር፣ ጣሪያው በሚከልለው በኩል፣ በሁለቱም ጎን ትንንሽ ቀዳዳ በሳንና ከውስጥ የአጎበር ቁራጭ ለጠፍንበት። ጉንዳን እንዳይገባ ነው አጎበሩ። ግንዱን ደግሞ ወገቡ ላይ ግራሶ ቀባነው። ጣሪያውንም አላነሳሁትም። ክዳኑ በቀጥታ ለሰማይ ካልተጋለጠ ሌሊት ያን ያህል አይቀዘቅዝም፣ ጤዛውም ይቀንሳል። ለዝናብ ብለን የሠራነው ጣሪያ በበጋ ይበልጥ ጠቀመን።

የመጀመሪያው መኖ 4 ሰዓት፣ የመጨረሻው ከ10 ሰዓት ሳያልፍ እንዲሆን አድርጌ ሞልቼዋለሁ። በዚያ መሐል አፉም ደርቋል፣ ውሃውም ሞቋል፣ ዓሣውም ይበላል። በ10 ወይም በ15 ደቂቃ ያልጨረሱት መኖ ካለ በዝቷል ማለት ነው፤ ቀንሱ።

ስለ መኖው ራሱ ልጨምር። ብዙዎቻችን ፋጉሎና ፉርሽካ ቀላቅለን እቤት እንሠራለን። ይሄ መኖ ለዓሣው ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ለማሽኑ ግን አይሆንም። ይፈረፈራል። ብናኙ ከአየር ላይ እርጥበት ቶሎ ይስባል፣ ጠመዝማዛው ሥር ይከማቻል፣ ጭብጦውን የሚጀምረውም እሱ ነው። የቤት መኖ የምትሰጡ ከሆነ በእጅ ስጡ። ለማሽኑ ተንሳፋፊውን ፔሌት ግዙ፤ እሱንም በወንፊት ሳትነፉ አታስገቡ። ከአንድ ኬሻ የሚወጣውን ዱቄት ስታዩ ትገረማላችሁ። ዱቄቱን ለትንንሾቹ ጫጩት ዓሣዎች መስጠት ይቻላል። ኬሻውን ሲሚንቶ ወለል ላይ አታስቀምጡ። ጣውላ ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ አድርጉት።

ከጫማ ካርቶን የሚወጡትን እርጥበት መምጠጫ ከረጢቶች ቋት ውስጥ የሚጨምሩ አሉ። ለሰዓቱ ሳጥን በጣም ጥሩ ነው፤ እዚያ የሚገባው አየር ትንሽ ስለሆነ ይበቃዋል። አፉ ክፍት ለሆነ ቋት ግን በአንድ ሌሊት ጠግቦ ሥራ ያቆማል። ከረጢቱ ተቀዶ መኖ ውስጥ ቢገባ ደግሞ ሌላ ችግር ነው። ጨው በጨርቅ ቋጥሩበት ያለኝም ነበር። ጨው ውሃ ይስባል፣ ከዚያ ራሱ ውሃ ሆኖ ይፈስና ብረቱን ያዝገዋል።

በድንጋይ ባትሪ የሚሠራ ማሽን ካላችሁ ባትሪ መያዣውን አልፎ አልፎ ክፈቱት። ጫፉ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ነገር ከያዘ ጥጥ በሎሚ ነክራችሁ ጥረጉት፣ በደንብ አድርቁት፣ ከዚያ ቫዝሊን በስሱ ቀቡት። ብዙዎች ማሽኑ ሞተ ብለው የሚጥሉት በዚህች ብቻ ነው።

አዲስ የምትገዙ ከሆነ ሻጩ «ውሃ አይነካውም» ሲላችሁ አይፒ የሚለውን ቁጥር አሳየኝ በሉት። የመጀመሪያው አኃዝ ስለ አቧራ፣ ሁለተኛው ስለ ውሃ ነው። ሁለተኛው 4 ከሆነ ርጭት ይችላል፤ 5 ከሆነ በጎማ የሚረጭ ውሃም ይችላል። ግን ይሄ ቁጥር ስለ ኤሌክትሪኩ ሳጥን ነው። ስለ መኖው ምንም አይነግራችሁም። ስለዚህ ሱቁ ውስጥ እያላችሁ ቋቱን አስነቅሉ። ጠመዝማዛው ያለ መፍቻ በእጅ ወጥቶ ይታጠባል ወይ? የማይወጣ ከሆነ አትግዙት፤ መጣበቁ አይቀርም፣ ሲጣበቅ በምን ትጠርጉታላችሁ? ሞተሩ ብቻውን እንደሚሸጥም ጠይቁ። የኔው አይሸጥም ነበር። ጠጋኙ መፍትሔ ያሉት ከመኪና መለዋወጫ ሱቅ የዝናብ መጥረጊያ ሞተር መግዛት ነው። እሱም 12 ቮልት ነው፣ ጉልበቱም ከድሮው ይበልጣል። በአዳፕተሩ ግን አይነሳም፤ ባትሪ ይፈልጋል። ማሰሪያውን ብየዳ ቤት አሠራነው፤ አሁን የሚያዞረው እሱ ነው።